ለሐጂ ሙጂብ ልብ ሲባል የዘገየው የዶክተር ጋትሉዋክ መርዶ

በጁባ የሚገኘው «ተባበር» የኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር የልብ ሐኪማችን ዶክተር ጋትሉዋክ ቱት ባለፈው ሰኞ ከዚህ ዓለም በሞት በመለየታቸው የተሰማውን መሪር ሐዘን ይገልጻል። መግለጫው እስከ ዛሬ ሐሙስ ለምን እንደዘገየ ከዚህ በታች ተብራርቷል።

ዶክተር ጋትሉዋክ በስደት ጋምቤላ ያደጉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሕክምና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱና እዚሁ ጁባ ካቶር ሰፈር በከፈቱት ክሊኒክ አባሎቻችንን በአማርኛ የሚቆጡ ሐኪም ነበሩ።

በ2011 ዓ.ም. ለአባላቱ ትምህርት ሰጡ። በደከመ ልብ ውስጥ ደም ሲጠራቀም ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ልብ ራሱ የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም የደከመውን ልብ እንደ በቅሎ ይገርፈዋል። ስለዚህ ጨው ቀንሱ፣ ኪኒናችሁን አታቋርጡ አሉ። አባላቱ ከዚህ ሁሉ «ጭንቀት» የምትለዋን ብቻ ይዘው ወጡ።

በ2012 ዓ.ም. ማኅበሩ ልባቸውን ለሚታመሙት ሊቀመንበራችን ለሐጂ ሙጂብ ክፉ ወሬ እንዳይነገር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የመጋዘናቸውን ጣሪያ ነፋስ ሲወስደው «እድሳት ላይ ነው» ተባሉ። ቋንጣው ግን እንደ ልማዱ በጨው ታሽቶ ይቀርብላቸው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ዶክተሩ ይህን ሰምተው ማኅበሩን ሰበሰቡ። «ወሬውን ንገሯቸው፤ የምትደብቁት ቋንጣውን ነው» ማለታቸው በቃለ ጉባኤ ተይዟል። ቃለ ጉባኤው ወዲያው ጸደቀ፤ አፈጻጸሙ ግን ገና ነው።

ዶክተሩ ሲያርፉ መርዶውን ለሐጂ ሙጂብ የሚነግር ጠፋ። መጀመሪያ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ። በማግሥቱ ጠንከር ብሎባቸዋል፣ ከዚያም ለሕክምና ናይሮቢ ሄደዋል ተባለ። ሐጂ ሁሉንም አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጡ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የሟች ባለቤት ወይዘሮ ኛቡዋይ ሐጂ ሙጂብን ለማመስገን ወደ ቢሯችን መጡ። ለካስ ዶክተሩም ልባቸውን ይታመሙ ኖሯል፤ ይህን ከቤተሰባቸው ሌላ የነገሩት ለሐጂ ብቻ ነበር። እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ዓይናቸውን የከደኑትም ሐጂ ናቸው። ለምን እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው «እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው» አሉ። ለወዳጃቸው ብቻቸውን ሲያለቅሱ እኛ ስለ ናይሮቢ ሐኪሞች እናወራላቸው ነበር። አፍረናል።

የዶክተሩ ቀብር ነገ ከጁባ ወጣ ብሎ በሚገኘው ረጃፍ ይፈጸማል። ለወይዘሮ ኛቡዋይ፣ ለልጆቻቸውና ለክሊኒኩ ባልደረቦች መጽናናትን እንመኛለን። ለሊቀመንበራችንም ሳንሸፋፍን እንነግራቸዋለን፦ ሐጂ፣ ዶክተሩ ሞተዋል፤ አብረን እናልቅስ። ለለቅሶው የሚቀቀለውን ንፍሮም ጨው አይነካውም።