በአንድ እሳት ሁለት ፍርድ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። አንተ ራስህ ብታሳውቀን ኖሮ አድራሻህን ጓደኛህን ለምኜ አላገኝም ነበር።

ይግባኞቹ ተፈረዱ። ሁለቱም። የወንጀሉ ችሎት በነጻ እንዳሰናበተህ ታውቃለህ፤ ከማረሚያ ቤት ወጥተህ ወደ እኛ ሳይሆን ወደማናውቀው ከተማ የተሳፈርከው በዚሁ ውሳኔ ነው። የማታውቀው ባለፈው ሳምንት የሆነውን ነው። በዚያው ሕንጻ፣ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ፣ የፍትሐ ብሔሩ ችሎት እሳቱ ከአንተ ምድጃ ተነሳ፣ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊዋን ጉዳት የምትክሰው አንተ ነህ አለ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ተሽጦ ይከፈላት ተባለ። እማ የምትኖርበት የጓሮ ክፍልም አብሮ።

እማ ኮሪደሩ ላይ የጠበቃህን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች።

«ልጄ አቃጥሏል ወይስ አላቃጠለም?»

«እማማ፣ በወንጀል ጥርጣሬ ካለ ተከሳሹ ይለቀቃል። በፍትሐ ብሔር ግን ሚዛኑ ወዴት እንዳጋደለ ነው የሚታየው።»

«እኔ ስለ እሳቱ ነው የጠየቅሁህ። ሚዛን መች አልኩህ!»

ጠበቃው ሰዓቱን አየ። እሱንም አንተንም ማነቅ አማረኝ።

ሚዛኑን ማን እንዳጋደለው ልንገርህ? የራስህ አፍ። በመጀመሪያው ክርክር ዳኛዋ የጠየቀችህ ያን ምሽት የሙጫ ማሞቂያውን ምድጃ አጥፍተህ ሄደህ እንደሆነ ብቻ ነበር። አዎ ወይም አይደለም። አንተ ግን አባባን ልታስመሰግን ተነሳህ። «ክብርት ዳኛ፣ የእንጨት ሙጫ አንዴ ከረጋ ጠባዩ ይበላሻል። አባቴም ዕድሜ ልኩን እያሞቀ ነው ያሳደረው።» ጠበቃው በጠረጴዛው ሥር እግርህን ሲረግጥህ ጮክ ብለህ «ምን ትረግጠኛለህ?» አልከው። ችሎቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ይኸው፣ ቃል በቃል በሁለቱም ውሳኔ ውስጥ ሰፍሯል። የታችኛው ፎቅ የወንጀል ችሎት፣ ልማድ የዚያን ምሽት ማስረጃ አይሆንም አለ። የላይኛው ይበቃል አለ።

ስለ ልማዱ ተናገርክ። ስለዚያ ምሽት ግን ለዳኛዋም፣ ለእማም፣ ለእኔም ትንፍሽ አላልክም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የአንተስ ነቀዘ።

ልብስ ሰፊዋን የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ አገኘኋት። ላልፋት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ወንድምሽ ነጻ ወጣ አሉኝ። እሰይ። የእኔ እጅ ታዲያ በየትኛው ፎቅ ነው የተቃጠለው?»

እጇን አየሁ። ጣቶቿ መቀስ አይጨብጡም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርማችንን የሰፉ ጣቶች፣ የአንተን ሁልጊዜ ጉልበቱ ላይ ደርበው የሚሰፉት። የተሰፋ ልብስ እንደሚታጠፍ እጇን አጣጥፋ ደረጃውን ወረደች።

ጠበቃው ገና ሰበር ሰሚ ችሎት አለ ይላል። ጊዜው ዓርብ ያበቃል። ውክልናህ እኔ ጋ ስለሆነ «አንቺ ብቻ ፈርሚ፣ የቀረውን ለእኔ ተይው» አለኝ። አቤቱታው ይኸው ከፊቴ ነው። ብዕሩን አነሳለሁ። አስቀምጣለሁ። ካልፈረምኩ እማን ቤት አልባ ማድረጌ ነው። ብፈርምና እውነቱ የላይኛው ፎቅ ያለው ከሆነ ደግሞ የዚያችን ሴት እጅ ዳግመኛ ማቃጠሌ ነው። ይህንን እኔ ላይ ጥለህ ሄድክ። ደግ አደረግህ።

ና። በስልክ አይደለም፣ በሰው አይደለም፤ ና። «አጥፍቼ ነበር» ካልከኝ እግሬ እስኪላጥ ከችሎት ችሎት እሮጣለሁ። «አላጠፋሁም» ካልከኝ እማን ወደ ጠባቧ ቤቴ አመጣታለሁ፤ አንተና እኔም የሰፊዋን ደጅ አብረን እናንኳኳለን። አልጮህብህም። እሺ፣ ትንሽ እጮህብሃለሁ።

ካልመጣህ አልፈርምም። እማ ለምን ስትለኝ ምን እንደምመልስላት እስካሁን አላውቅም።

እስከ ዓርብ የምትጠብቅህ፣
እህትህ