ናሙናው ይቅደም፦ የወይዘሮ ያለምወርቅ ምህረቴ የሕይወት ታሪክ (1975–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ያለምወርቅ ምህረቴ ከአባታቸው ከአቶ ምህረቴ አለነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴ ቢያድግልኝ ሚያዝያ 9 ቀን 1975 ዓ.ም. በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ ተወለዱ። ከቤት አዊኛ፣ ከትምህርት ቤት አማርኛ እየተናገሩ አድገው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1993 ዓ.ም. በዳንግላ አጠናቀቁ። ጎንደር ገብተውም በሕክምና ላቦራቶሪ ሙያ በ1996 ዓ.ም. በዲፕሎማ፣ በኋላም ሥራ ላይ ሆነው በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በእንጅባራ ከተማ በሚገኝ ላቦራቶሪ አገልግለዋል። በ2000 ዓ.ም. ከመምህር ትዕዛዙ አድማሱ ጋር ጋብቻ መሥርተው ፍቅርአዲስ እና ወርቅአየሁ የተባሉ ልጆችን አፍርተዋል።

በ2007 ዓ.ም. ላቦራቶሪው የካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የመለየት) ምርመራ ሲጀምር ክፍሉ ለእርሳቸው ተሰጠ። ከሳይነስ ሕመምተኞች የሚመጣውን ናሙና የበግ ደም በተቀላቀለበት ትንሽ ሳህን፣ ፕሌት በሚሉት ላይ ይዘራሉ፤ ሙቀቱ በተመጠነ ሣጥን ውስጥ ያቆዩታል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ምን ባክቴሪያ እንደበቀለ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ያነባሉ። እናታቸው «የኔዋ ልጅ እንጅባራ ላይ ጀርም ታረባለች፤ ያውም ደም እያበላች» እያሉ ለጎረቤት ሲያሟቸው፣ እርሳቸው «እማዬ፣ የኔዎቹ እረኛ አይፈልጉም» ብለው ይስቁ ነበር።

በአንድ ነገር ግን አይስቁም። መድኃኒት የጀመረ ሰው ናሙና ቢሰጥ ፕሌቱ ባዶ ሊወጣ ይችላል፤ ባክቴሪያው ግን ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ዓምድ ጨመሩ፦ «መድኃኒት ወስደዋል? መቼ?» የዳንግላው በርበሬ ነጋዴ አቶ ሙነወር፣ በሳይነስ ሕመም የበርበሬያቸው ሽታ ከጠፋባቸው አራት ዓመት ሲሆን ወደ እርሳቸው መጡ። ትናንት እንክብል መዋጣቸውን ሲናገሩ «እንግዲያው ዛሬ አልቀበልዎትም፤ ሐኪምዎን አማክረው ከሳምንት በኋላ ይመለሱ» ተባሉ። «በሚኒባስ ተጨናንቄ የመጣሁት ለዚህ ነው?» ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ተመልሰው መጡ፣ ባክቴሪያው ተገኘ፣ ዳኑ። ትናንት ለቅሶ ሲደርሱ «እኔን ያባረረች ሴት!» እያሉ አለቀሱ።

በዚህ ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ ወይዘሮ ያለምወርቅን ጉንፋን ያዛቸው፤ ፊታቸውንም ያማቸው ጀመር። ሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ የበሽተኞች ፕሌት ደግሞ አንባቢ ይጠብቃል። ከኅዳር 8 ጀምሮ ለባለቤታቸው ጥርስ ታዞ የተረፈውን አሞክሳሲሊን አምስት ቀን ዋጡ። ቀለል አላቸው። ኅዳር 15 ሕመሙ ሲመለስ ናሙና አስወስደው ራሳቸው ዘሩት። ኅዳር 17 ፕሌቱ ባዶ ሆነ። በመዝገቡ ላይ በገዛ እጃቸው «እድገት የለም» ብለው ጻፉ፤ ተረጋግተውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ኅዳር 24 ሥራ ላይ እንዳሉ የቀኝ ዓይናቸው አብጦ፣ ትኩሳቱ ጸንቶባቸው ወደ ባሕር ዳር ተወሰዱ። ኢንፌክሽኑ ወደ አንጎል ሽፋን ደርሶ ነበር። በማግስቱ ከሳይነሳቸው የተቀዳውን ፈሳሽ የዘራችው፣ እንጅባራ ላይ እርሳቸው ያሠለጠኗትና አሁን ባሕር ዳር የምትሠራው ዮርዳኖስ ናት። እሑድ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በተወለዱ በ42 ዓመታቸው አረፉ። ሙሉ ውጤቱ የወጣው በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ባክቴሪያው አሞክሳሲሊን ለጊዜው የሚያዳክመው እንጂ የማይገድለው ነበር። የሚገድለው መድኃኒት ግን እንጅባራም ይገኛል። የስድስት ሰዓት ልዩነት። እስካሁን ማመን አቅቶናል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረባቸው ሰርክአዲስ መዝገቡን ይዞ ለቅሶ ቤት መጣ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቀዩ ዓምድ ያልተሞላው በአንድ ሰው ስም ትይዩ ብቻ ነው፤ በራሳቸው በወይዘሮ ያለምወርቅ ስም። ሰርክአዲስ የመጣው ይህን ባዶ ቦታ ለመሙላት ፈቃድ ሊጠይቅ ነበር። መምህር ትዕዛዙ «ሙላው፤ መዝገቧ ሲጎድል አትወድም» አሉ። በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጻፈ፦ «አዎ። ከኅዳር 8 እስከ 12።»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አባት እናታቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውንና ብዙ ያዳኗቸውን ሰዎች ትተው ሄደዋል። ለሌላው ሲጠነቀቁ ራሳቸውን የረሱትን እርሳቸውን፣ ምንም የማይረሳ አምላክ በቅዱሳኑ ዕረፍት ያስባቸው፤ ለእናታቸው ለወይዘሮ ውዴም ይህን ቀን የሚችሉበት ጉልበት ይስጥልን። አሜን።