የሱቅ በር የሚያክለው ቴፕ

ናሆምዬ፣ አካም!

በስልክ መናገር አፍረህ ለረሆቦት በካሴት የቀዳህላትን መልዕክት አደረስኩልህ። ግን ነገሌ ቦረና ውስጥ ያገኘነው የሚሠራ ቴፕ አንድ ብቻ ነው፤ ባለሱቁ ሳላሃዲን ገበያ እንዲስብለት በጣውላ የሠራው፣ የሱቁን በር የሚያክል! የካሴትህን ክር ፈትቶ በሁለት የባጃጅ ቸርኬዎች ላይ ጠቀለለው። ማጫወቻ ቁልፉ በጣት አይነቃነቅም፤ ዘልዬ ተቀመጥኩበት። «እወድሻለሁ» ስትል ገበያው በሙሉ ሰማህ፣ ግመሎቹም ደነበሩ! ሕዝቡ «ይደገም!» አለ። እኛ ሰፈር ካሴት በእስክሪብቶ ነበር የምናጠነጥነው፤ እዚህ በዘነዘና ነው። ዘነዘናውን ነጥቃ ክሩን ወደ መጀመሪያው የመለሰችው ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ራሷ ረሆቦት!

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን እማማ ወለተሐናን ሳምልኝ፤ ሽማግሌም ፈልግ!

ባስልዮስ