መርዶው ከውድድሩ በኋላ

ሰኞ፣ ሜይ 12፣ ጠዋት

የጀልባዬን ሸራ ሰቅዬ፣ ገመድ ፈትቼ፣ መሪ ገጥሜ ጨረስኩ። ነፋስ የለም። የሲያትል ነፋስ እንዲህ ነው፣ ሲፈልጉት ይተኛል። አሠልጣኜ ሊንዳ ጠብቂ ትለኛለች። መጠበቅ እንደማልችል አንተም ታውቃለህ ደብተሬ። ለሳምንቱ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ቅዳሜና እሑድ ማጣሪያ ነው። አንደኛ የምትወጣዋ ብቻ ለዓለም ሻምፒዮናው ታልፋለች። ሁለት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኛለሁ፣ እዚያ ግን ደርሼ አላውቅም። ጉልበቴ ከዚህ ሌላ ማጣሪያ እንደማይችል ሐኪሙም እኔም እናውቃለን።

ስልክ። ጋሽ ወልዴ፣ የእድራችን ሰብሳቢ። በሥራ ቀን ጠዋት ደውለውልኝ አያውቁም።

አጎቴ ብርሃኑ ሞተ። ቅዳሜ፣ ቡታጅራ፣ ድንገት። ተቀብሯል። እማዬ አልሰማችም።

በቃ፣ መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ከሰዓት

ልረጋጋና ልጻፍ። ብርሃኑ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፣ «ልጄ» ነው የምትለው። ሚስቱ የደወለችው ለእማዬ ሳይሆን ለጋሽ ወልዴ ነው። ደንቡ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ቤት ድረስ ሄዶ ነው የሚያረዳው።

እድሩም ተመካክሯል። የሚነገራት እሑድ፣ ከውድድሩ በኋላ ነው። ደም ግፊት አለባት፣ እሑድ ሁሉም ከሥራ ነፃ ነው፣ ደግሞም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስወዳደር ልታየኝ ነው፤ ይህችን ደስታ አንንፈጋት አሉ። ለእኔ የነገሩኝ ስልኳን እንድጠብቅ ነው፣ ፌስቡክ ላይ አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ እንዳይጽፍ። አንቺ ጀግና ነሽ፣ ቻይው አሉኝ። ጀግና! ማዕበል መቻልና ይሄን መቻል አንድ መስሏቸዋል።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13

ኦቴሎ ሰፈር፣ የእማዬ ሱቅ። ሽሮው፣ በርበሬው፣ ነጠላው፣ ሻማው የተደራረበበት ጠባብ ቤት። ደንበኛው ሁሉ ሰምቷል። አንዷ ሴትዮ ሽሮ ልትገዛ ገብታ እማዬን አቅፋ አለቅም አለች። በዐይኔ ገላመጥኳት። ሌላዋ የመረጠችውን ዕቃ ባንኮኒው ላይ ጥላ ወጣች። እማዬ፣ ሰዉ ዛሬ ምን ነካው አለች። ኑሮ ተወዶ ነው አልኳት። መልስ ተብዬው!

ባለፈው እሑድ ወደ ብርሃኑ ደውላ ነበር። ሚስቱ፣ ገጠር ሄዷል፣ ኔትወርክ የለም ብላታለች። እማዬ አመነች። አገር ምድሩ ያውቃል፣ እህቱ አታውቅም።

ሐሙስ፣ ሜይ 15

ነፋስ መጣ፣ ያውም ብርቱ። እግሬን ወለሉ ላይ ካለው ማሰሪያ ውስጥ አስገብቼ፣ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ውጭ ተንጋልዬ፣ ጮኼ አለቀስኩ። ውሃ ላይ ፊቴ ሁልጊዜ ርጥብ ነው፣ ማን ያውቅብኛል። አጎቴ ልጅ ሳለሁ ትከሻው ላይ አድርጎ ት/ቤት ያደርሰኝ ነበር። ቡታጅራ ተቀምጦ የሲያትልን ነፋስ የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው። ነበር። «ነበር» ማለት ገና አልለመድኩም።

እማዬ ይሄን የጀልባ ነገሬን ወዳው አታውቅም። አሜሪካ በመጣን በዓመቱ፣ ገና አሥራ አንድ ዓመቴ፣ ከሰፈራችን ከኮሎምቢያ ሲቲ በእግሬ ወደ ሐይቁ ወርጄ የልጆች ጀልባ ትምህርት ስመዘገብ፣ የዋና ትምህርት መስሏት ነው የፈረመችው። የመጀመሪያ ቀን ተገለበጥኩ። ከውሃው እየሳቅኩ ወጣሁ፤ ያኔ ነው በጀልባ ፍቅር ያለቀልኝ። ሰው ስለ እኔ ሲጠይቃት፣ ልጄ ሬንተን አውሮፕላን ፋብሪካ ኢንጂነር ናት ትላለች። ጀልባውን «ታንኳዋ» ብላ ታልፈዋለች። ከዋንጫዎቼ በአንዱ ውስጥ ሽንኩርት ታስቀምጣለች። በዚህ ዓመት ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ ራሷ ልምጣ አለች።

ሊንዳ ዐይኔን አይታ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ዛሬውኑ ንገሪያት አለች። ተሟገትኳት፤ ሰው ብቻውን ሆኖ መርዶ አይረዳም፣ የሚደግፈው ክንድ ያስፈልገዋል አልኳት። ገባት። ታዲያ ክንዱ ካለ ለምን እሑድ ድረስ ትጠብቃለች አለችኝ።

ተናድጄ ሸራውን ሳላደርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ።

ዓርብ፣ ሜይ 16

እማዬ ሁለት ቀሚስ አልጋ ላይ ዘርግታ ቢጫው ይሻላል ወይስ ጥቁሩ አለችኝ። ቢጫው አልኳት። ጥቁር መነጽር ገዝታለች። መስተዋት ፊት ቆማ እንደ ፊልም አክተር ወገቧን ይዛ አሳቀችኝ። ሳቅኩ። ሆድ ይፍጀው ማለት ይሄ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ልንገርህና ለማንም አትናገር። ጋሽ ወልዴ ከውድድሩ በኋላ ሲሉኝ እፎይ ብያለሁ። ለእሷ ብዬ አይደለም። ለራሴ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ሺልሾል፣ ውድድሩ ያለበት ባሕር ዳር። ከሩቅ ቢጫዋ ትታየኛለች። ዙሪያዋን እድርተኛው በሙሉ፤ ከሬንተን ሳይቀር። ሴቶቹ በተራ ከአጠገቧ ይቀመጣሉ፣ ውሃ ያቀብሏታል፣ ክንዷን ይይዛሉ። ጋሽ ወልዴ በሙሉ ልብሳቸው ቆመዋል፣ ነፋሱ ቆባቸውን ሊወስደው ይታገላል።

የዛሬዎቹ ሦስት ዙሮች፦ አንደኛ። ሦስተኛ። አንደኛ። በድምር እየመራሁ ነው። ነገ ብቻ ቀረ።

እማዬ ደስታዋ ለከት የለውም። «አየሽ፣ ሥራቸውን ካንስል አድርገው እኮ ነው የመጡልሽ! እኔ እኮ ሰዉ ታንኳሽን የሚንቅብሽ ይመስለኝ ነበር። ሶ ይወዱሻል ማለት ነው!» ጋሽ ወልዴ መሬት መሬት አዩ። አንዷ ሴት ወደ መኪናዋ ሮጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ስልኳን አወጣች። ለብርሃኑ ቮይስ ትልካለች። «ወንድምዬ፣ ኔትወርክ ስታገኝ ስማኝ። ልጅህ አንደኛ ወጣች። በዐይኔ በብረቱ አየሁ። ውሃውን እንዴት እንደምትሰነጥቀው ብታይ! ነገም አለ፣ ጸልይላት እሺ?» ላከችው። ሲሰማ ደስ ይለዋል አለችኝ።

ጥግ ይዤ ፓርክ አደረግሁ። ራሴን አመመኝ አልኳት። ግንባሬን ዳበሰችኝ፣ ፀሐይ መትቶሽ ነው አለች።

እሑድ፣ ሜይ 18፣ ሲነጋ

አልወዳደርም።

ጻፍኩት። እንቅልፍ የሚባል በዐይኔ አልዞረም። ነገሩን ሳገላብጠው አነጋሁ፤ ዛሬ ባሸንፍ ከባሕሩ ዳር ሆና ሌላ ቮይስ ልትልክለት ነው። ለሞተ ወንድሟ። እኔ ዋንጫ ይዤ አጠገቧ ቆሜ።

ጋሽ ወልዴ ጋ ደወልኩ። አሁን ኑ አልኳቸው። ተቆጡ። ልጄ፣ ስንት ዓመት የለፋሽበት ነው፣ አንድ ቀን ነው የቀረው፣ ሟች እንደሆነ አይመለስም አሉ። እሑድን የመረጥነው ለእኔ ብለን እንጂ ለእሷ ብለን አይደለም አልኳቸው። በመጨረሻ፣ እሺ፣ እንመጣለን አሉ። ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ለሊንዳ ቴክስት። ከውድድሩ ወጥቻለሁ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ምን ይባላል።

ውጭ ዛፎቹ ይወዛወዛሉ። ጥሩ ነፋስ ነው፣ የእኔ ዓይነት። አልዋሽህም፣ ይቆጨኛል። ዕድሜ ልኬን ይቆጨኛል።

እማዬ ተነሥታለች። ቢጫዋን ለብሳ ስንቄን ታሰናዳለች፤ ዛሬ ደግሞ ሳትበዪ ውሃ ላይ አትወጪም ትለኛለች ከወጥ ቤት። የግፊት መድኃኒቷን ኪሴ ውስጥ ከትቻለሁ።

የመኪና በር። ሌላ። ሌላም።

በመስኮት አየቻቸው። ውይ፣ በዚህ ጠዋት ሊያጅቡሽ መጡ እኮ፣ አላልኩሽም? እያለች ወደ በሩ ትሮጣለች፣ በባዶ እግሯ። ነይ እንጂ ተቀበያቸው ትለኛለች፣ እየሳቀች። ልነሣ። ከሁሉም ቀድሜ እኔ ልያዛት፣ ገና በሩን ሳትከፍተው።