ለንስሐ አባቱ የተሰጠው ሪሞት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ ቢቸና

የኋላ ጎማዎቿን አጠብሁ። ደርቀው ተሰነጣጥቀዋል። ሞተሯ ደህና ነው፤ ባትሪ በቀጥታ ሳስነካት ጮኸች። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ አያሌው ከሞተ ዛሬ ሃምሳ ቀን። ዕድሜውን ሙሉ ከሰበሰባቸው፣ በሪሞት ከሚነዱ የድሮ የእሽቅድድም መኪናዎች ለእኔ የደረሰችኝ ይቺ ቀይዋ ናት። ክንድ አትሞላም። ሪሞቷ ግን የለም። ከት/ቤት የሌላ መኪና ሪሞት ተውሼ ሞከርሁ፤ እምቢ። ደብተሬ፣ ፊዚክስ አስተማሪ ተብዬ ዛሬ ገና ገባኝ፤ በሪሞቱም በመኪናዋም ውስጥ ክሪስታል የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች። ቁጥራቸው ካልገጠመ አይሰማሙም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሞጣ ደወልሁ፤ ለሚስቱ ለየሺ። አንቴና ያለው ጥቁሩ ነገር ከሆነ፣ ሬዲዮ መስሏት በአርባው ዕለት ከጋቢው ጋር ለንስሐ አባቱ ሰጥታዋለች። ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ አለቀስሁ። ለነፍስ የተሰጠን ዕቃ በምን አፍ መልሱ ይሏል?

አንድ ጊዜ ስትሄድ ባያት ይበቃኛል። ሲነዳት አላየሁማ። የዛሬ ሁለት ዓመት ፋሲካ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ትሪው ሲቀርብ ሆዴን አመመኝ ብሎ ጥግ ያዘ። የኮራብን መሰለኝ። የሬዲዮ ጥገና ሱቁን ዘግቶ በአሻንጉሊት የሚጫወት ሽማግሌ አልሁት፤ ሁሉም ሰማ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ቀብሩ ላይ ተገናኘን።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8፣ ሞጣ

መኪናዋን በፌስታል ይዤ አባ ዘንድ ሄድሁ። ሪሞቱ ከዳዊታቸው ጎን ነው፣ በጨርቅ ተሸፍኖ። አልናገር ቢላቸውም የአያሌው ነው ብለው አኑረውታል። መልሱልኝ ማለት አፈርሁ። እስቲ ልየው አልኋቸው።

የቀኙ እጀታ የለም። ቦታው በፕላስተር ተደፍኗል። ሽቦዎቹ ሁሉ ወደ ግራው ዞረዋል፤ መንጃውም መሪውም በአንድ እጀታ። ብየዳው ሻካራ ነው። የእሱ ብየዳ እንዲህ አልነበረም። ማን ነካካው ብዬ ጠየቅሁ።

«እሱው ነው እንጂ። ቀኝ እጁ ከዳው እኮ ልጄ። ሱቁንስ ለምን ዘጋው? ማንኪያ እንኳ አልይዝለት ብሎ ነበር።»

የትሪው ነገር ያኔ ገባኝ። በሰው ፊት በግራ እጁ ከሚጎርስ ጾሙን ማደርን መርጦ ነበር። የሺም፣ አባ እንዳሉኝ፣ እሱ አትናገሪ ስላላት አልተናገረችም።

ባትሪ አስገባሁ። መኪናዋ ሄደች። በግራ እጄ ነዳኋት፤ ሁለት ጊዜ ከአጥሩ ጋር አላተምኋት። አባ ሪሞቱን ውሰደው አሉኝ። ለነፍሱ ነው የተሰጠው ብዬ መኪናዋንም ጨምሬ ትቼላቸው ወጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9፣ ቢቸና

ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሉ ተጣሟል። አንዷ መስመር አላበችኝ።

ሰማኒያው ሃያ አምስት ቀን ቀረው። የዚያ ፋሲካ ሰዎች ሁሉ ይመጣሉ። ትሪ ሳይቀርብ ተነሥቼ እናገራለሁ። ቆርጫለሁ። እንዲህ እላለሁ፤ ወንድሜ እየተጫወተ አልነበረም። ግራ እጁን ፊደል እያስቆጠረ ነበር። እኔም ያን ሳላውቅ በእናንተ ፊት አዋረድሁት።