ከበሩ ኋላ የነበረው የአደን ወንበርህ

ሙሌ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ መልስ የማይመጣበትን ነገር መጠየቅ እንደማልወድ ታውቃለህ። ይልቅ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የአጅማኑን መጋዘን ለቅቄያለሁ፤ ዕቃው አሁን ከዴራ ገበያ በቀጥታ ወደ ጀበል አሊ ወደብ ይሄዳል። ሙዋይለህ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ ሳሎኑን ብቻ ቀለም አስቀባሁት። የአደን ወንበርህም እስከ ትናንት ድረስ ከበሩ ኋላ ነበረ።

ዛሬ የለም። እንዴት እንደሄደ ከማንም በፊት ማወቅ ያለብህ አንተ ስለሆንክ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ልገልብጥልህ።

ወንድምህ ደረጀ ከአገር ቤት ለአራት ቀን መጥቶ ነበር። አሁንም ባሌ ተራራ ላይ ፈቃድ ይዘው ለሚመጡ አዳኞች መንገድ ይመራል። ባለፈው ዓመት ጭነት እንደተሸከመ ተንሸራቶ ወገቡን ተጎዳ። አሠሪዎቹ ዘንድሮ አንድ ቀን እንኳ መሸከም አልቻልኩም ካለ ካምፑ በር ላይ ዘበኛ እንደሚያደርጉት ነግረውታል። ደሬ ዘበኛ ሲሆን ይታይህ። ወገቡ መሬት ላይ ሰዓታት መቀመጥ አይችልም፤ ስለዚህ ወንበርህን፣ ያንን ጀርባ ላይ የሚታዘል፣ እግሩ ሲዘረጋ መቀመጫ የሚሆን የአሉሚኒየም ፍሬምህን ጠየቀኝ። በላዩ የነበረው ቦርሳ ካለቀ ቆይቷል፤ የቀረው ብረቱ ብቻ ነው።

ወዲያው እሺ አላልኩም። አዲስ ልግዛልህ አልኩት። "እትዬ፣ አዲሱን አላውቀውም። ይሄን ግን ጋሼ ሲቀመጥበት አይቻለሁ" አለኝ።

እኔም አይቻለሁ፣ ሙሌ። ዴራ ውስጥ ዕቃ ጭነህበት ትዞራለህ፤ ባለሱቁ ዋጋ አልቀንስም ሲል ታወርደውና፣ ትዘረጋውና፣ በሩ ላይ ትቀመጣለህ። "አቡ ኩርሲ መጣ፣ ባለወንበሩ!" እያሉ ይስቁብህ ነበር። "ኸላስ፣ በቃ፣ ውሰድና ተነሣልኝ" እስኪሉህ ግን አትነሣም።

እሺ አልኩትና ሐሙስ ጠዋት ለፍሬሙ ቦርሳ ልንገዛ ወደ ዴራ ወጣን። በረራው ዓርብ ከሰዓት ነው። ቦርሳ መምረጥ የእኔ ሥራ ነው ብዬ ቀድሜ አንዱን ያዝኩ፤ ቅጠልያ ቀለም፣ ኪሱ ብዙ፣ ስፌቱ ጥሩ። ደሬ ጨርቁን በጥፍሩ ፋቀው። ኮሽ ኮሽ አለ። "ይሄ ይጮሃል፣ እትዬ። አጋዘኑ ገና ሳላየው ይሰማኛል" አለ። ባለሱቁ "ዋላሂ ድምፅ የለውም" እያለ ራሱ ሲፍቀው የባሰ ጮኸ። ሁለተኛው ለስላሳ ነበር፤ በስንዝር ስለካው ግን ከፍሬሙ በሦስት ጣት ይሰፋል፣ ቁጥቋጦ ይይዘዋል። ሦስተኛውን ወሰድን፤ ጠባብ፣ ጨርቁ እንደ ብርድ ልብስ ዝም ያለ፣ ከላይና ከጎኑ ማሰሪያ የሚገባባቸው ቀለበቶች ያሉት።

ቤት ገብቼ አሰርኩት። መቀመጫው ሲታጠፍ የቦርሳውን ታች እንዳይነክስ አራት ጣት ከፍ አደረግሁት፤ ከላይ ሁለት፣ ከጎን ሁለት ማሰሪያ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ደሬ ተቀመጠበት፣ ተነሣ፣ ሳቀ። ጨርሻለሁ ብዬ ነበር።

ወደ ጥግ ላስጠጋው ብድግ ሳደርገው ውስጡ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ወረቀት። እዚህ ቦርሳ ሁሉ ቅርጹን እንዲይዝ ወረቀት ተጠቅጥቆበት ነው የሚሸጠው። ይህን ያህል ዓመት ቦርሳ ነግጄ፣ የወረቀት ጭነት አስሬ ረክቻለሁ።

ወረቀቱን አውጥቼ ሩዝና የታሸገ ውሃ ሞላሁበት። ደሬ በእጁ መዝኖ ተራራ ላይ የምሸከመው ይህን ያህላል አለ። ማሰሪያዎቹን አጥብቄ የሕንጻውን ደረጃ ውጣ አልኩት፤ እዚህ ያለን ተራራ እሱ ነው። እኔ ከኋላው ሆንኩ። አንደኛ ፎቅ ምንም። ሁለተኛው ላይ ቦርሳው ትንሽ ዘንበል አለ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ የላይኛው ቀለበት ተበጠሰ፣ ጭነቱ በአንድ ጊዜ ወረደና ፍሬሙ ወደ ኋላ ጎተተው። በሁለት እጄ ከታች ደገፍኩት፤ እሱ የደረጃውን ብረት ይዞ ቀረ።

"ደህና ነኝ" አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ጭነቱን ካወረደ በኋላ፣ "እትዬ፣ ባሌ ላይ ከታች የሚደግፈኝ የለም" አለ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ብረቱን አገላብጬ አየሁት። ክብደቱ በሙሉ የተንጠለጠለው ሁለቱ የላይ ቀለበቶች ላይ ነበር፤ ከሥር የሚሸከም ነገር የለም። አንተ ካርቶን ስታስር ሁልጊዜ ከሥር ነበር የምትጀምረው። ማሰሪያውን ከሥሩ በመስቀል ታሳልፋለህ፣ የጎኑንና የላዩን በመጨረሻ ትስባለህ። እኔ ደግሞ ጊዜ ትፈጃለህ እያልኩ እነዘንዝህ ነበር።

ከአጅማን ያስቀረሁትን የጭነት ማሰሪያችንን አወጣሁ። የተበጠሰውን ቀለበት በወፍራም ክር ሰፋሁ። ቦርሳውን እንደሞላ አስተኝቼ፣ ከባዱን ዕቃ ወደ ብረቱ አስጠግቼ፣ ከሥሩ በመስቀል አሳልፌ ፍሬሙ ላይ ቋጠርኩት። ከዚያ ጎኑን፣ ከዚያ ላዩን።

ዓርብ ጠዋት ደረጃውን እንደገና ወጣን። ደሬ እንዳልደግፈው ነገረኝ። እጄን ኪሴ ከትቼ ተከተልኩት። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ደረሰ። አለፈው። አራተኛ፣ አምስተኛ። ላይ ሲደርስ አውርዶ እግሮቹን ዘረጋና ተቀመጠ። ወንበሩ አልተንገዳገደም፤ ቦርሳው ከቦታው አልተነቃነቀም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየኝና፣ "ዋጋ ካልቀነስሽ አልነሣም" አለኝ።

ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ሳቄን ብቻ ነው።

ሸኝቼው ተመልሼ የቤታችንን በር ስከፍት ግድግዳውን መታው። ሁለት ዓመት ሙሉ የወንበርህ እግር እየያዘው እስከ ግማሽ ብቻ ነበር የሚከፈተው፤ በጎን ነበር የምገባው። አዲሱ ቀለም ላይ ምልክት ጥሎበታል። ሌላ ዕቃ ቢሆን ያኔውኑ ወርጄ የበር ማቆሚያ እገዛ ነበር። አልገዛም። ይምታ። በመታ ቁጥር አንተ ከወንበርህ የተነሣህ ይመስለኛል፤ እስካለሁ ድረስ ስምህን ሳልጠራ በዚያ በር አልገባም።

ሰናይትህ