በእጅ የተያዙት ዓሦች

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለአቶ ዓምደሚካኤል፤

ጤናዎ እንደምን ነው? ወገብዎስ ተሻለዎት? እናቴስ ጾሙን እንዴት ያዘችው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ልቤ ግን አልረጋ ብሏል። ስልክዎ ሦስት ቀን ሙሉ ዝግ ነው። ባለፈው ዓሣዎን ያመጣልኝ ሾፌሩ ኡመር አሁን ወደ እናንተ ሊመለስ ስለሆነ፣ ማኪያቶውን እስኪጨርስ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለ ካፌ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ።

አራት ኪሎ ላቦራቶሪ የምሠራውን ነግሬዎታለሁ። የተባይ መድኃኒት ከውሃው ላይ ቶሎ ይጠፋል፤ ዓሣው ሰውነት ውስጥ ግን ምልክቱ ይቆያል። አንጎሉ ውስጥ ነርቭን ሥራው ሲያልቅ የሚያሳርፍ ኢንዛይም አለ፤ መድኃኒቱ ሲነካው ይቀንሳል። ከእርሻው ርቆ ከሐይቁ መሃል የተያዘ ዓሣ የለመንኩዎት ንጹሑን ከተበከለው ለማመሳከር ነበር።

የእርስዎ ዓሦች ኢንዛይም ከተለመደው መጠን ከግማሽ በታች ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ዶክተር ሊሊ የናሙናዎቹን መለያ አቀያይረሻል ብላ ተቆጣችኝ። ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ከዓሦቹ ጋር ልከውልኝ በችኮላ ኪሴ ከትቼ የረሳሁትን ወረቀትዎን አነበብኩ። «ለልጄ ክብር ብዬ የወፈሩትን፣ የሽንኩርታችን ቦይ ሐይቁ ከሚገባበት አፍ መረጥኩ፣ መረብም አላስፈለገኝ፣ በእጄ ነው የያዝኳቸው» ይላል። ኩራትዎ ታየኝና ሳቄ መጣ፤ ሳልጨርሰው ቀረ። አባቴ፣ ጤነኛ ዓሣ እንዲህ በቀላሉ በእጅ አይያዝም።

ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ ወንድሜ ስለ ተስፋልደት ጽፈዋል። ሽንኩርቱን ከረጨ ወዲህ ላብ ያጠምቀዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጸበል ወስጄዋለሁ ብለዋል። ጸበሉን አልነቅፍም። ግን ያ ኢንዛይም በሰውም ውስጥ አለ። ይህ እንደደረሰዎ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የመድኃኒቱንም ዕቃ ይዘው ስሙን ያሳዩ። ከእንግዲህ አይርጭ፤ ሽንኩርቱን ትል ይብላው። ከቦዩ አፍ የተያዘውን ዓሣ አትብሉ፣ ለሰውም አይሽጡ። መርጫውን ከመርካቶ ገዝቼ የላክሁለት እኔ ነኝ፤ ጓንትና ጭምብል መላክ ግን ትዝም አላለኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

የእናቴን የዓለምጸሃይን ጉልበት ስሜያለሁ። እህቴን ሀናን ሳሙልኝ፤ ቦዩ ውስጥ እግሯን እንዳትነክር ንገሯት። እሪ በከንቱ ሰፈር ያሉት አከራዬ እትዬ ሓዳስ ሰላም ብለዋችኋል። ኡመር ቁልፉን አንሥቷል። ለተስፋልደት ሰላምታ አልልክም፤ ቅዳሜ መጥቼ ያንን እጁን ራሴ እይዘዋለሁ።

ልጅዎ አይናዲስ
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.